ከጅቡቲ የመጣልኝ ባለ አምስት ክንድ ፍጥረት ምንድነው? በሕይወት ቢመጣስ አዲስ አበባ ይኖራል?

ፎቶኮፒ ቤት አራት ኪሎ

ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አራት ኪሎ ፎቶኮፒና ጽሕፈት ቤት አለኝ። ቤቷ ጠባብ ናት። ግን ሰው ወረፋ ሲጠብቅ እንዳይሰለቸው ብዬ ባንኮኒው ጫፍ ላይ አኳሪየም አስቀምጫለሁ፤ ጎልድፊሾች አሉኝ። ይህን የሚያውቀው የአጎቴ ልጅ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፣ ተሳቢ ነው የሚነዳው። ባለፈው ሲመጣ የሃይላንድ ጠርሙስ አፉን ቆርጦ፣ ውስጡ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞልኝ መጣ። "ለዓሦችህ ጓደኛ" አለኝ።

ነገሩ የደረቀ ነው። መሐሉ ላይ ክብ ጠፍጣፋ ገላ አለው፤ ስፋቱ የአንድ ብር ሳንቲም ያህላል። ከዚያ አምስት ቀጫጭን ክንዶች ይወጣሉ፣ እያንዳንዳቸው ከመሐል ጣቴ ይረዝማሉ። ክንዶቹ ግራና ቀኝ እሾህ አላቸው። ቀለሙ ጥቁር ወደ ቡኒ የሚያደላ ነው። አንደኛው ክንድ ግን ይገርማል፤ እስከ ግማሹ እንደ ሌሎቹ ወፍራም ሆኖ ይመጣና በድንገት ቀጥኖ ይነጣል። የሌላ ፍጥረት ክንድ የተቀጠለበት ነው የሚመስለው።

ሰፈሩ የሳይንስ ተማሪ ሰፈር ስለሆነ መልስ አላጣሁም፤ መልሱ በዛብኝ እንጂ። አንዱ የባሕር ኮከብ ነው አለኝ። አንዷ የባሕር ሸረሪት ነው አለች። ቲሲስ ሊያስጠርዝ የመጣ ልጅ ደግሞ ኦክቶፐስ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ስምንቱ እግር የታለ ስለው "ሦስቱ ተሰብረው ይሆናላ" ብሎ ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ።

የአጎቴ ልጅ እንደሚለው ባሕሩ ሲሸሽ ድንጋይ ሥር ሞልቷል። በሚቀጥለው ጉዞ በሕይወት ያለ በጄሪካን ላምጣልህ እያለኝ ነው። ስለዚህ፣ ይህ ነገር ምንድነው? ይናደፋል ወይ? ከጎልድፊሾቼ ጋር ቢገባስ ይኖራል? ሌላም አለ፤ የደረቀው መሽተት ጀምሯል፣ ደንበኛ አፍንጫውን እየያዘ ነው።

አባ ጨዋታ

ፈጭተህ በማር ለውሰህ ብላው፣ ፎቶኮፒህ አምስት እጅ ያወጣል 😂

የላብ ልጅ

ወንድሜ፣ የላይኛውን አትስማ።

ገልብጠውና ሆዱን እይ። የባሕር ኮከብ ከሆነ ከአፉ ተነስቶ እስከ እያንዳንዱ ክንድ ጫፍ የሚሄድ ክፍት ቦይ ታያለህ። ቦይ ከሌለና የክንዱ ሆድ በተደረደሩ ትንንሽ ሳህኖች ከተሸፈነ ብሪትል ስታር ነው፣ የባሕር ኮከብ የቅርብ ዘመድ። ሁለተኛ ምልክት ደግሞ መሐሉ ነው። የባሕር ኮከብ ገላው የት አልቆ ክንዱ የት እንደሚጀምር አይለይም። የብሪትል ስታር ግን ክቡ ለብቻው፣ ክንዱ ለብቻው ነው።

ፎቶኮፒ ቤት አራት ኪሎ

ገለበጥኩት። ቦይ የለውም፣ ሳህን በሳህን ነው። መሐሉ ላይ ወደ ውስጥ የሚያመለክቱ አምስት ጥርስ መሳይ ነገሮች አሉ። ኦክቶፐስ ያለኝ ልጅ ለሁለተኛው ኮፒ ሲመለስ አሳየዋለሁ።

የላብ ልጅ

እንግዲያው ብሪትል ስታር ነው። ጥርስ የመሰሉህ መንጋጋዎቹ ናቸው፣ አምስት ናቸው። አፉ እሱ ነው፤ የማይፈጨውን የሚያወጣውም በዚያው ነው፣ ሌላ መውጫ የለውም። የባሕር ኮከብ የሆድ ዕቃው ቅርንጫፍ ክንዶቹ ውስጥ ድረስ ይገባል። የብሪትል ስታር ክንድ ውስጥ ግን አንጀት የለም። ክንዱ እርስ በርሱ የተገጣጠመ የአጥንት ሰንሰለትና ጡንቻ ነው፤ እንደ እባብ የሚጠማዘዘው ለዚህ ነው።

ተቀጠለ ያልከው ክንድ ደግሞ አዲስ የበቀለ ነው። ዓሣ ወይም ሸርጣን ሲይዘው ክንዱን ጥሎ ያመልጣል። ይህ በጉልበት መበጠስ አይደለም። መገጣጠሚያው ላይ ያለው ጅማት ከነርቭ ትእዛዝ ሲደርሰው በቅጽበት ይላላና ክንዱ ይወልቃል። ከዚያ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይበቅላል። አዲሱ መጀመሪያ ላይ ቀጭንና ነጣ ያለ ስለሆነ የተቆረጠበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያንተው አንድ ጊዜ ከአፍ አምልጦ፣ ኋላ የአጎትህ ልጅ እጅ ላይ ወድቋል ማለት ነው።

ሽታውን ለማጥፋት ጥቂት ቀን 70 ፐርሰንት አልኮል ውስጥ ዘፍዝፈውና ጥላ ሥር አድርቀው፤ ፀሐይ ላይ አታስጣው፣ ቀለሙ ይሄዳል። ከዚያ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጠው፣ አለዚያ ጉንዳን ይጨርሰዋል። መናደፍ ለሚለው፣ ይህ ዓይነቱ ሰው አይናደፍም። እሾሁ ቢበዛ እጅህን ይቧጭር ይሆናል።

ጡረተኛው መርከበኛ

ልጄ፣ ጥያቄህን ሳይ ስድስት ኪሎ ቁጭ ብዬ የያዝኩት ማኪያቶ ቀዘቀዘ። ባሕር ኃይል ነበርኩ፣ ምፅዋ። ወደብ ከለቀቅን ስንት ዘመን ሆነ፣ እስቲ ስለ ባሕር ጠይቁን ብለን የምንጠብቅ ሰዎች እኮ ነን።

ልጅቱ የአካሉን ነገር አሳምራ ነግራሃለች። እኔ ቤቱን ልንገርህ፤ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ደረቅ ነገር እሱን አያሳይህም።

ምፅዋ አካባቢ ባሕሩ ሲሸሽ የኮራሉ ወለል ይገለጣል። ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። መጀመሪያ ስታየው ባዶ ነው። ቆም ብለህ ዝቅ ስትል ከየቀዳዳው ጥቁር ጫፍ ብቅ ብቅ ብሎ ታያለህ። አንዱን በጣትህ ብትነካው ጥርግ ብሎ ይገባል።

ውኃው መመለስ ሲጀምር፣ ገና ቁርጭምጭሚትህን ሳይደፍን፣ ሥራ ይጀመራል። ገላው ከቀዳዳው ንቅንቅ አይልም። በሁለት ሦስት ክንዱ ውስጡን ቆንጥጦ ይይዝና የቀሩትን ወደ ላይ ይሰዳል። እዚህ ላይ ልብ በል። የክንዱን ሆድ ወደ ሰማይ ገልብጦ የውኃውን ፊት ይጠርጋል፣ እናቶቻችን ከሚነጠር ቅቤ ላይ አረፋውን እንደሚገፉት። ባሕር ሲመለስ ደረቁ ላይ የቀረውን ብናኝ፣ የበሰበሰ አልጌ፣ ምኑንም ምናምኑንም አንስቶ ከላይ ያንሳፍፈዋል። እሱ ያንን ነው የሚፈልገው። ክንዱ ሥር ያሉት ትንንሽ እግሮች የያዙትን በንፍጥ እያድበለበሉ ከአንዱ ለአንዱ እየተቀባበሉ እስከ አፉ ያደርሱታል። ውኃው ጉልበት ሲደርስ ያ ስስ ሽፋን ይበተናል፣ ገበያው ይዘጋል። አንድ ሙሉ የኮራል ወለል በአንድ ጊዜ ክንድ ሲያወጣ ማየት ነው ደስ የሚለው። እኛ ወታደሮቹ ሲጋራ እያጨስን ቁመን እናይ ነበር፣ አለቃ እስኪጮህብን ድረስ።

ኋላ መጽሐፍ ላይ እንዳየሁት ይህን የሚያደርገው ኦፊዮኮማ ስኮሎፔንድሪና የሚባለው ነው። ከቀይ ባሕር ጀምሮ ሕንድ ውቅያኖስን ይዞ እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ ይገኛል። ያንተ እሾሃሙም የእሱ ዘመድ ይመስላል።

ድንጋይ ሥር ያሉት ደግሞ ሌላ ናቸው። ድንጋዩን ስትገለብጥ ብርሃን እንዳረፈባቸው ወደ ጨለማው ይበተናሉ። የባሕር ኮከብን ያየ ሰው ቀርፋፋ ነው ብሎ ይጠብቃል፤ ይህ ግን በክንዶቹ እየቀዘፈ ነው የሚሮጠው። ጠላቂ ጓደኞቻችን ድንጋይ ገልብጦ ትቶ የሚሄድን ሰው አይወዱም ነበር። በድንጋዩ ሆድ ላይ የሚኖረው ሁሉ ፀሐይ ላይ ይቀራላ። ለአጎትህ ልጅ ይህን ንገረው፤ የገለበጠውን እንደነበረ ይመልስ።

ማታ ደግሞ ሌላ ባሕር ነው። ቀን ቀን ኮራል ጥግ ተሸብልሎ የሚተኛ አንድ ትልቅ ዘመድ አላቸው፣ አስትሮቦዋ ኑዳ ይባላል። ክንዱ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ቅርንጫፉም ሌላ ቅርንጫፍ። ሲመሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይወጣና የውኃውን ፍሰት ፊት ለፊት ይዞ ይዘረጋል፤ ስፋቱ አንድ ሜትር ይደርሳል። ፍሰቱ የሚያመጣለትን ጥቃቅን እንስሳ ይይዛል። ባትሪ ስታበራበት ከጫፍ ጀምሮ ይሸበለላል። ብዙ ካበራህበት ጭራሽ ተጠቅልሎ ያልቃል፣ እራቱን አስተውከው ማለት ነው።

ጄሪካኑን ግን ተወው። ጅቡቲ፣ ጋላፊ፣ ሚሌ፣ አዋሽ። ያንን ሙቀት ሰውም አይችለው። የተዘጋ ጄሪካን ውስጥ ያለው አየር ሚሌ ሳይደርስ ያልቃል።

አዳማ ምልስ

አባቴ ዕድሜ ይስጥዎ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ዓይን የለው፣ አንጎል የለው፣ ወደ ጨለማ መሮጡን በምን አወቀ?

የላብ ልጅ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሳይንቲስቶቹንም ያነታረከ ነው።

አንጎል የለውም፣ ልክ ነህ። አፉን የሚዞር የነርቭ ቀለበት አለ፤ ከእሱ ወደ እያንዳንዱ ክንድ ነርቭ ይወጣል። ብርሃን የሚያውቁ ሴሎች ደግሞ ገላው ላይ ተበትነው አሉ። በካሪቢያን ባሕር የሚኖር ኦፊዮኮማ ዌንድቲ የሚባል አለ፣ የጋሼ ጓደኛ ዘመድ ነው። ቀን ጥቁር ቀይ ይሆናል፣ ማታ ይነጣል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ክንዱ ላይ ያሉት ጥቃቅን የካልሳይት ጉብታዎች ሌንስ ናቸው፣ ገላው በሙሉ ዓይን ነው አለ። ዓለም ተደነቀ፣ ኢንጂነሮች ሌንሱን እንኮርጅ አሉ። በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች ሴሎቹን በደንብ ሲያዩ ከጉብታዎቹ ሥር ሳይሆን በመካከላቸው ሆነው አገኟቸው። ሌንሱ ብርሃን የሚሰበስብበት ቦታ ላይ ተቀባይ የለም ማለት ነው። የሌንሱ ታሪክ እዚያ ላይ ፈረሰ።

ግን ማየቱ አልፈረሰም፣ እኔ የምወደው ይህን ነው። በ2020 እዚያው ቡድን ውስጥ ያሉ ሰዎች እንስሳውን መሐል አስቀምጠው ግድግዳው ላይ ጥቁር ምስል ሰቀሉ። ወደ ምስሉ ሄደ። መደበቂያ መስሎት ነው። ማታ ነጣ ሲል ግን ይህን ችሎታ ያጣል። ዋናው ነገር ቀለሙ ነበር። ቀን የሚዘረጋው ጥቁር ቀለም ከጎን የሚመጣውን ብርሃን ይጋርድና እያንዳንዱ ሴል ከአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያይ ያደርገዋል። ብዥ ያለ ነው፣ ግን ድንጋዩ ወዴት እንዳለ ለማወቅ ይበቃል።

ስለ መሮጡም ላክልበት። ኦፊዮኮማ ኤኪናታ ላይ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። አንዱን ክንድ ፊት ያደርገዋል፣ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ይቀዝፋሉ። አቅጣጫ መቀየር ሲፈልግ አይዞርም። ሌላ ክንድ "ፊት" ብሎ ይመርጥና በዚያ ይቀጥላል። ሚኒባስ ሹፌሮቻችን ይህን ቢችሉ ጊዮርጊስ አደባባይ አይጨናነቅም ነበር።

ቤቱን በተመለከተ ደግሞ ጋሼ ከነገሩን ውጭም ሌሎች አሉ። ወደ 2,100 የሚጠጉ ዓይነቶች ይታወቃሉ፤ ከባሕር ዳርቻ ጀምሮ ከ6,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ድረስ ይገኛሉ። ጭቃ ውስጥ ገላውን ቀብሮ የክንዱን ጫፍ ብቻ የሚያወጣ አለ። ስፖንጅ ቀዳዳ ውስጥ የሚኖር ኦፊያክቲስ ሳቪኚ የሚባል ትንሽ፣ ብዙ ጊዜ ባለ ስድስት ክንድ አለ፤ ለሁለት ተሰንጥቆ ሁለት ይሆናል፣ ከዚያ እያንዳንዱ የጎደለውን ያበቅላል። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከኒውዚላንድ በስተደቡብ፣ ማኳሪ ሪጅ ላይ፣ አንድ የባሕር ሥር ተራራ አናት በብሪትል ስታር ተሸፍኖ ተገኘ። በአስር ሚሊዮኖች ነበሩ፣ ክንዳቸው ተነካክቶ። እዚያ የውኃው ፍሰት በሰዓት ወደ 4 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ምግቡ በራሱ ይመጣል፣ ክንድ ማንሳት ብቻ ነው። ሊበላቸው የሚመጣውን ዓሣ ደግሞ ፍሰቱ ራሱ ይጠርግላቸዋል።

ፎቶኮፒ ቤት አራት ኪሎ

የሚገርም ነው። ጄሪካኑ ቀረ፣ እሺ። ግን ለመረዳት ያህል፣ አኳሪየሜ ውስጥ ጨው ብጨምርበትስ? የአጎቴ ልጅ ደግሞ ጅቡቲ ያለው አሳል ሐይቅ ጨው ስለሆነ እዚያ ይኖራል ይላል።

ጨው ውኃ ሜክሲኮ

ወንድሜ፣ በጨው እንጀምር። ብሪትል ስታር፣ የባሕር ኮከብ፣ የባሕር ጃርት፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ወገን ናቸው፤ አንዳቸውም ጣፋጭ ውኃ ውስጥ አይኖሩም። ጣና ብትል፣ ላንጋኖ ብትል የለም። ምክንያቱም ኩላሊት የላቸውም። የገላቸው ፈሳሽ ጨውነቱ ከባሕሩ ጋር እኩል ነው፤ ባሕሩ ሲቀየር እነሱም አብረው ይቀየራሉ። ጎልድፊሽህ ውኃ ውስጥ ብትጥለው ውኃው ወደ ገላው ይገባና ያብጣል፣ ያበቃል። ፍሎሪዳ ውስጥ ጨውነቱ የቀነሰ ውኃ የሚችል አንድ ዓይነት አለ፣ እሱም ቢሆን ጨው ይፈልጋል።

ጨው ጨምርበት ካልክ ጎልድፊሾቹ ይሞታሉ። ለብቻው ሌላ ሣጥን ላድርግ ካልክ የወጥ ጨው አይሠራም። የባሕር ውኃ በሊትር ወደ 35 ግራም ጨው አለው፤ ቀይ ባሕር ወደ ሰሜን እስከ 40 ይደርሳል። ግን ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ አይደለም። ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ሌላም አለው። ይህ እንስሳ አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየም ነው። የተዘጋጀ የባሕር ጨው ከውጭ ማስመጣት አለብህ። እኔ ዋጋውን ስሰማ ጣፋጭ ውኃ ላይ ቀረሁ።

የከተማችን ጉዳይም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ነው ያለው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ ስለዚህ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በዚያ ላይ ይህ እንስሳ ሙቅ ውኃ ለምዷል፣ ውኃ ሲሞቅ ደግሞ ኦክስጅን ይቀንሳል። ክረምት ሌሊት ቤትህ ይቀዘቅዛል፣ ማሞቂያ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋስ? ማሞቂያውም የአየር ፓምፑም አብረው ይቆማሉ። የቧንቧው ክሎሪን ሳይቆጠር።

አሳል ደግሞ ከባሕር ወለል 155 ሜትር በታች ነው፣ ጨውነቱ ከባሕር አስር እጥፍ ይሆናል። ሲበዛም እንደዚያው ነው፣ ውኃውን ከገላው መጥጦ ያደርቀዋል። የአጎትህ ልጅ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን አማካሪ አታድርገው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ለሌሎች አንባቢዎችም። ኦፊያራክና ኢንክራሳታ የሚባል ትልቅ አረንጓዴ አለ፣ ውጭ አገር በአኳሪየም ሱቅ ይሸጣል። ገላውን በክንዶቹ ከፍ አድርጎ ዋሻ ይሠራል። ትንሽ ዓሣ መጠለያ ያገኘ መስሎት ይገባል። ከዚያ ክንዶቹን ጠምዝዞ ይዘጋበታል። "ለዓሦችህ ጓደኛ" ያለው ሰው ይህን ይወቅ።

አባ ጨዋታ

በማር የሚለውን ሐሳቤን አንስቻለሁ። ግን ኢትዮጵያ ውስጥ አንዴም አልነበረም?

የላብ ልጅ

ባሕሩ ነበራ። አባይ በረሃ ስትወርድ የምታየው ነጭ የኖራ ድንጋይ የጁራሲክ ዘመን የባሕር ወለል ነው፤ ቅሪተ አካል የሆነ የባሕር ጃርት ይገኝበታል፣ የቅርብ ዘመድ ማለት ነው። አፋር ውስጥም የዛሬ 125,000 ዓመት አካባቢ ቀይ ባሕር ወደ ዳናኪል ገብቶ ነበር። ያኔ የበቀለው ኮራል ዛሬ በረሃው ዳር ደርቆ ቆሟል። ብሪትል ስታሮች ራሳቸው ወደ 480 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ ናቸው፣ ከሁለቱም ባሕር ይቀድማሉ።

ፎቶኮፒ ቤት አራት ኪሎ

ደረቁ አልኮል ውስጥ ገብቷል። የአጎቴን ልጅ ደውዬ "ጄሪካን ሳይሆን ስልክህን ይዘህ ሂድ፣ ቪዲዮ ቅረጽልኝ" አልኩት። መቼ ልሂድ ይላል። አባቴ፣ እርስዎ ቢነግሩኝ?

ጡረተኛው መርከበኛ

ጨረቃ ሙሉ በሆነች ወይም በጠፋች ሰሞን ይሂድ፤ ባሕሩ በጣም የሚሸሸው ያኔ ነው። ሰዓቱን ወደብ ያሉ ዓሣ አጥማጆች ይነግሩታል። ውኃው ተመልሶ ሲመጣ ነው መቅረጽ ያለበት፣ ሲሸሽ አይደለም። ጥላው ቀዳዳው ላይ እንዳያርፍ ፀሐይን ፊት ለፊት ይያዝ። ነጠላ ጫማ ግን እንዳያደርግ፣ ወፍራም ሶል ያለው የተዘጋ ጫማ ይሁን። የባሕር ጃርት እሾህ እግር ውስጥ ከገባ ተሳቢ መንዳት የለም።

ቪዲዮውን ስትለጥፈው ጥራኝ፣ መነጽሬን አድርጌ እመጣለሁ።